ያለ ሬሳ የወረደ ሙሾ

ቴቱዋን፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1957

ለወንድሜ ለፒንሃስ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማድሪድ ብርዱ ገብቷል ሲባል ሰምታ እማዬ «ደረቱን ይሸፍን፤ መጽሐፍ አያሞቅም በይው» ብላለች። ያሚን ከጨርቅ ነጋዴው ጋር ተጣልቶ ሥራ ፈትቷል። ቀኑን ሙሉ ካፌ ተቀምጦ ስለ መርከብ ያወራል። ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶት እንኳ እማዬ ጉንጩን ስትቆነጥጠው አያፍርም።

መልሱን ያዘገየሁት የጠየቅኸኝን ነገር ለእማዬ እንዴት እንደማነሣው ጨንቆኝ ነው። በመጨረሻ ትናንት ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። የሠርጉን ዘፈን እሺ ብላለች። የእሹሩሩውንም፣ የነገሥታቱንም፣ ባሏ ጦርነት ሄዶ የቀረባትን ሴት ታሪክም እንዲሁ። «ይምጣ ብቻ፣ ጆሮው እስኪሰለቸው እዘፍንለታለሁ» ነው ያለችው። ሙሾው ጋ ስደርስ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ምን አልሽ?»

«ሙሾውንም በድምፅ መቅጃ መኪናው ሊቀዳው ይፈልጋል።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም እማዬ። ለትምህርቱ ነው።»

«ለትምህርቱ! እኔ ያሳደግኩት ልጅ እዚህ ቤት ሞት ሊጠራብኝ? ሙሾ እኮ ጥሪ ነው። ከጠራሽው ይመጣል። መጥቶ ሬሳ ካጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም። ጻፊለት፤ አክስትህ ገና አላበደችም በይው።»

አንተም ታስታውሳለህ። ልጆች ሆነን፣ ለቅሶ ቤት ሙሾ አውርዳ ስትመለስ ደጅ ላይ ታጥባ፣ ጫማዋን አራግፋ ነበር የምትገባው። ያወረደችውን ቤት ውስጥ አንድ ቃል አትደግመውም። ስለዚህ ተወው። ሌላውን ውሰድና ሙሾውን ተወው።

እህትህ ሲሚ


ማድሪድ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1957

ለእህት ዓለም ለሲሚ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንደምን ናችሁ? እኔ ከጉንፋኑ በቀር ደህና ነኝ። «ሌላውን ውሰድ» ላልሽኝ፣ ሌላው አይበቃኝም። እውነቱን ልንገርሽ። የሠርጉን ዘፈን ከእኔ በፊት የመጡት ሰዎች ለቃቅመው ጨርሰውታል። አያቶቻችን አይሁድ ናችሁ ተብለው ከስፔን ሲባረሩ በአፋቸው ይዘውት የወጡት ሁሉ አምስት መቶ ከሚጠጋ ዓመት በኋላ እዚሁ ስፔን ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሙሾውን ግን ማንም አልነካውም። ሴቶቹ አይሰጡማ! አስተማሪዬ ባለፈው ሳምንት ጠርቶኝ «ሙሾውን ካመጣህ የዩኒቨርሲቲው የመምህርነት ወንበር ያንተ ነው፤ ካላመጣህ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ» አለኝ። አንድ የገጠር ከተማ ሄጄ ለልጆች ሰዋስው ሳስተምር ልሸብት ነው።

ደግሞም አክስቴ ስድሳ ዓመት አልፏታል። እሷ ስታልፍ ማን ያውቀዋል? አንቺ ታውቂዋለሽ? እኔስ?

አንድ ነገር አስቤያለሁ። በበጋ፣ የቤተ መቅደሱ መፍረስ በሚታሰብበት ጾም፣ ሴቶቹ መሬት ተቀምጠው ያወርዱ የለም ወይ? ያን ቀን የሚለቀሰው ለኢየሩሳሌም ነው። ሞቱም ያረጀ ሞት ነው፤ የሚመጣ እንግዳ የለም። ለአክስቴ ይህን ንገሪያት። አባቴና እናቴ አከታትለው ጥለውኝ ሲሄዱ፣ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ ከያሚን ጋር በአንድ አልጋ ያስተኛችኝ እሷ ናት። ክፉ የማስብባት ይመስልሻል?

ያሚንን ሳሚልኝ። መርከቡን ትቶ ሚስት ይፈልግ በይው።

ፒንሃስ


ቴቱዋን፣ ኦገስት 20 ቀን 1958

ለወንድሜ ለፒንሃስ፣

በሰላም መግባትህን ሰምተን ደስ ብሎናል። ቀበቶህን ረስተህ ሄደሃል፤ ያሚን ታጥቆት ይንጎራደዳል።

«አወቀች ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ አላወቀችም። አልነገርኳትም። እኔ ማወቄን ግን እንዴት እንደገመትክ ይገርመኛል። ፊቴን አይተህ ነው አይደል? የጾሙ ዕለት ከአሥሩ ሙሾ ዘጠኙን በፈቃዷ ሰጠችህ፤ ያ ለኢየሩሳሌም ነበር፤ አልከፋኝም። አሥረኛውን፣ በለጋነቱ ለሞተ ወንድ የሚወርደውን፣ «እሱ ለጾም አይሆንም፤ የሰው ነው» ብላ ስትከለክልህ እዚያው ልትተወው ይገባ ነበር።

በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ላይ «ነገ የአባቴ ሙት ዓመት ነው» ስትል ማንኪያዬ አፌ ላይ ቀረ። «ሲሞት የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበር። እኔ ሕፃን ሆኜ ሲያለቅሱለት አልሰማሁም። አክስቴ፣ አንቺ ካላወረድሽለት ማን ያወርድለታል?» አልካት። ፒንሃስ፣ የአጎቴ ሙት ዓመት እኮ አንድ ወር ይቀረው ነበር። በየዓመቱ የመብራቱን ዘይት የምገዛ እኔ አይደለሁም? ቀና ብለህ አየኸኝ፤ ልጅ ሆነን ዕቃ ስትሰብር እንደምታየኝ። እኔም እንደ ልጅነታችን ዝም አልኩ።

እማዬ ተነሥታ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው፣ መስታወቱን ሸፈነች። መሬት ተቀመጠች። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ፦

«ማለዳ ወጥቶ ማለዳ የጠለቀ፣
አልጋው ሳይነጠፍ ሙሽራው አለቀ።»

ያሚን ሐብሐብ ተሸክሞ ሲገባ በሩ ላይ ደርቆ ቀረና «ማን ሞተ?» ብሎ ሳቀ። እማዬ «ውጣ! ደጅ ቁም!» ብላ ስትጮህበት እንዴት እንደነበረች አይተሃል። ከመሬት ስትነሣ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ውሃውን ሦስት ጊዜ አስቀየረችኝ።

እውነተኛው ቀን የሚመጣው ሳምንት ነው። እማዬ ዘይት ግዢ አላለችኝም። እኔም አላነሣሁባትም።

ሲሚ


ማድሪድ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1959

ለእህት ዓለም ለሲሚ፣

ደስ ይበላችሁ! ወንበሩን አገኘሁ። ከሚመጣው ኦክቶበር ጀምሮ ረዳት መምህር ነኝ፤ መጽሐፉም ይታተማል ተብሏል። ለአክስቴ ንገሪያትና እልል ትበል። በስሟ ነው የሚወጣው፤ «የቴቱዋኗ ማዛልቶብ ቤንዳያን» ተብሎ።

ምን ሆናችሁ ነው ግን? ከገና በፊት ጀምሮ አንድ መስመር እንኳ የለም። ለያሚን ሁለት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አልሰጠኝም። ጌታው ኮርቷል መሰለኝ። ታሪክ ልንገረው፦ ባለፈው ሳምንት አሥረኛውን ሙሾ ለሊቃውንቱ አሰማሁ። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ሲጠርግ አየሁ። መሐል ላይ ያሚን ገብቶ «ማን ሞተ?» ሲል ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ድምፁ ቴፑ ላይ ገብቶልኛል! ዝነኛ ሆነሃል በይው።

ሁላችሁንም በናፍቆት እስማለሁ።

ፒንሃስ


ቴቱዋን፣ ማርች 2 ቀን 1959

ለወንድሜ ለፒንሃስ፣

ስለ ሹመትህ እንኳን ደስ ያለህ። ስላልጻፍኩልህ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። የሠርግ ልብስ እየሰፋሁ ነው፤ አይሁዱ ሁሉ አገሩን እየለቀቀ ነው፣ የሚጋባውም ከመሰደዱ በፊት ሊጋባ ይቸኩላል።

እማዬ ደህና ናት። ትንሽ ትተኛለች። ያሚን ጂብራልታር ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ አድራሻው እንደተስተካከለ እልክልሃለሁ። እስከዚያ ለእሱ አትጻፍ። ለእማዬም ስለ ዘፈን፣ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቴፕ ምንም እንዳትጽፍላት። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ዝናቡ ዘንድሮ አላባራ ብሏል።

ሲሚ


ቴቱዋን፣ ጁን 11 ቀን 1959

ፒንሃስ፣

ማን ነገረህ ብዬ አልጠይቅህም። ማድሪድ የቴቱዋን ሰው ሞልቷል፤ እኔ ብደብቅህ አንዱ እንደሚነግርህ ማወቅ ነበረብኝ። ጂብራልታር ስላልኩህ ይቅር በለኝ። ብዕሩን ሳነሣ እጄ ሌላ ነገር ጻፈ።

አዎ፣ እውነት ነው። ያሚን ጃንዋሪ ላይ፣ ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር፣ ፓስፖርት የተከለከለውን አይሁዳዊ ሁሉ በስውር ባሕር በሚያሻግር ጀልባ ወጣ። ለእማዬ አልነገራትም፤ ለእኔ ግን ነግሮኛል። ባሕሩ ሦስት ቀን ታመሰ። በዘጠነኛው ቀን ዓሣ አጥማጆች ሪዮ ማርቲን ዳርቻ ላይ አገኙት። ፊቱን አይተን አላወቅነውም። በቀበቶህ ነው ያወቅነው።

እንዴት ተለቀሰለት ብለህ ጠይቀኸኛል። ይህን ባትጠይቀኝ ምን ነበር? ቤቱ በሴት ተሞልቷል። ሁሉም መሬት ተቀምጠው እማዬን አፍ አፏን ያያሉ። በዚህ ከተማ ሰው ሞቶ እሷ ሳታወርድለት የተቀበረ አለ? እማዬ ሬሳው የተሸፈነበትን አንሶላ ታስተካክላለች፣ ደግሞ ትመልሳለች። ጎረቤታችን ሌዲሲያ አላስችላት ብሎ «ማዛልቶብ፣ አንቺ ጀምሪው፤ እኛ እንቀበልሻለን» አለች።

«ጨርሼዋለሁ» አለች እማዬ።

«ምኑን?»

«ባለፈው በጋ አውርጄለታለሁ። ምሳዬን በልቼ፣ ጠግቤ፣ ልጄን በቁሙ። እዚያ በሩ ላይ ቆሞ ማን ሞተ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ደጅ ቁም አልኩት። ቆመ።»

ያሚንን በዝምታ ወሰዱት።

መሬት የተቀመጥንበት የሐዘኑ ሰባት ቀን ሲያልቅ ረቢውን አስጠርታ የአባትህን ሙት ዓመት ጠየቀችው። መዝገቡን ገልጦ ነገራት። «እንግዲያው ልጁ ዋሽቶኛል» አለች፣ በሰው ሁሉ ፊት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምህ እዚህ ቤት አይነሣም። አልጋህን ለምኩራቡ ጠባቂ ሰጥታዋለች።

እኔ ማወቄን አልነገርኳትም። ቁጣው ሁሉ አንተ ላይ ሲወርድ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። የምጽፍልህ ይህን እንድታውቅ ነው።

ሲሚ


ማድሪድ፣ ጁን 19 ቀን 1959

ሲሚ፣

ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ያሚንን አብሬው ነው ያደግኩት። ለእሱ ሰባት ቀን የሚቀመጥ ወንድም ከእኔ ሌላ ማን ነበረው? እናንተ ስትቀብሩት እኔ እዚህ ቆሜ ድምፁን ለሰው አሰምቼ አብሬ እስቅ ነበር።

«እውነት ሙሾው ነው የገደለው ብለህ ታምናለህ?» ትይኝ ይሆናል። አላምንም። ማዕበል ሙሾ አይሰማም። ይህን ለራሴ በቀን መቶ ጊዜ እነግረዋለሁ። መቶ ጊዜ መንገር ለምን አስፈለገኝ፣ አላውቅም።

ልምጣ? ብመጣ በሩን ትከፍትልኛለች? ቁርጡን ንገሪኝ። እስከዚያ አንድ ነገር በአባቴ አጥንት እምልልሻለሁ፤ አሥረኛው ሙሾ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። ዛሬውኑ ማተሚያ ቤት ሄጄ አስወጣዋለሁ። ማንም አያነበውም፤ ማንም አይሰማውም።

ስላንቺ ዝምታ ማንም ከእኔ አይሰማም።

ፒንሃስ


ቴቱዋን፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1961

ለተከበሩ ዶክተር ፒንሃስ ናሆን፣

መጽሐፍዎ ደርሶናል። እርስዎ ስላልላኩልን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ከታንጀር አምጥቶ አሳየን። የከተማችን ሴት በመጽሐፍ ወጣች ብሎ ደስ ሊያሰኘን ነው የመጣው፤ ምንም አያውቅም።

አንተ ውሸታም። አንቱ ማለቱ አልሆነልኝም። ገጽ 112 ላይ ነው ያለው። እሱ ብቻ ቢሆን «ማተሚያ ቤቱ ቀድሞት ነው» ብዬ ላንተ በተሟገትኩልህ። ግርጌው ላይ በትንሹ ፊደል የጻፍከውን ግን ማን ጻፈው ልበል? «ሙሾ አውራጇ ይህን በሰጠች በስድስተኛው ወር ወንድ ልጇ ባሕር ላይ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ሙሾ አላወረደችም። ስለዚህ ይህ ቅጂ ብቸኛው ነው።»

ወንድ ልጇ! ስም እንኳ የለውም። አንድ አልጋ ላይ ያደጋችሁት ሰው ለሙሾህ ዋጋ ማሳመሪያ ሆነ።

እማዬ «አንብቢልኝ» አለችኝ። «ምንም የለበትም» ብላት «አንብቢ» አለች። አነበብኩላት፤ ግርጌውን ጭምር። እስከ መጨረሻው ዐይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ስጨርስ ምን እንዳለች ታውቃለህ?

«ሦስተኛው መስመር ስህተት ነው። በሩን ክፈቱለት አላልኩም። በሩን አትዝጉበት ነው ያልኩት። ለሞተ ልጅ በር ማን ይከፍታል?»

ከዚያ ዳይሬክተሩ ሻይ እንዲጠጣ አዘዘች። ሰው ከሄደ በኋላ ግን ማብሰያ ቤት ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ግራ እጇ ከዚያ ቀን ወዲህ አይታዘዝላትም።

አትጻፍልን።

ሲሚ


ማድሪድ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1964

ለእህቴ ለሲሚ፣

የይቅርታው ጾም ሲደርስ በየዓመቱ እጽፋለሁ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ መልስ የለኝም። ደብዳቤዎቹ ተመልሰው ስላልመጡ አንድ እጅ እየተቀበላቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ያ እጅ ያንቺ ከሆነ ይህን ብቻ አንብቢው።

ባለፈው ዓመት ፕሮፌሰር ሆኛለሁ። የሹመቱ ዕለት ያለቀሰልኝም እልል ያለልኝም አልነበረም። ላራሽ፣ ኢስታንቡል፣ ሳሎኒካ፣ የኛ ሴቶች ያሉበት ሁሉ መቅጃ መኪናዬን ተሸክሜ ዞሬያለሁ። ኢስታንቡል አንዷ «ያቺን የቴቱዋን ሴት የቀዳህ አንተ ነህ?» ብላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ሳሎኒካ በጦርነቱ ጊዜ ከተፈጀው ከዚያ ሁሉ ሕዝባችን ምን ያህል እንደተረፈ ታውቂያለሽ። አንዲት አሮጊት አግኝቼ ሙሾ ስለምናት ሳቀችብኝ። «ልጄ፣ ከማን ልጀምርልህ?» አለችኝ። መኪናውን አልከፈትኩትም። ወደ ሆቴሌ ተመልሼ ሁለት ቀን ተኛሁ።

ማተሚያ ቤት ሄጄ ነበር፣ ሲሚ። በዚያ አልዋሸሁሽም። ወረቀቱን በእጄ ይዤው ነበር። «ይህን ካወጣህ መጽሐፉ መጽሐፍ አይሆንም» አሉኝ። ሙሾውን ከጣልኩት ያሚን ድጋሚ ይሞታል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው። ወንበሩን ፈልጌ ነው። ግርጌውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ስጽፈው አንድ ቃል አልሰረዝኩም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

በየዓመቱ ተማሪዎቼ ቴፑን ይሰማሉ። ያሚን «ማን ሞተ?» ሲል ይስቃሉ። እኔ ቀድሜ ወደ ኮሪደሩ እወጣለሁ።

አክስቴ በሕይወት አለች? እጇስ? እግሯ ላይ ልውደቅ። አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ፤ አትምጣም ቢሆን።

ፒንሃስ


ቴቱዋን፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1967

ፒንሃስ፣

ከስድስት ዓመት በኋላ ጻፈች ብለህ ደስ እንዳይልህ። ደብዳቤህ ሁሉ ደርሶኛል፤ የዘንድሮውም ጭምር። አንሶላ ማስቀመጫው ሥር ናቸው። እማዬ አንዱንም አላየችም።

እማዬ ሴፕቴምበር 20 ቀን አረፈች። ዕለቱን አልጻፍኩልህም። በሳምንቱም አልጻፍኩልህም። ዛሬ የምጽፈው በሚመጣው ወር ካራካስ ወዳሉት ዘመዶች ልሄድ ስለሆነና ይህን ተሸክሜ መርከብ ላይ መውጣት ስለፈራሁ ነው። እስክጨርስ አንብበው። ከዚያ እንደፈለግህ አድርገኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል፣ ለፋሲካ ቤት ስናጸዳ፣ አልቻልኩም። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ «እማዬ፣ ያን ዕለት ፒንሃስ ሲዋሽሽ እኔም አውቅ ነበር። ቀኑ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ዝም አልኩ» አልኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። በደህናው እጇ ፀጉሬን ያዘችኝ።

«እኔስ የማላውቅ መሰለሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቀኑን ነዋ። የባሌ ወንድም ነው። ስንት ዓመት መብራት አበራሁለት? በዚያው በጋ በወሩ ዘይቱን ራሴ ገዝቼ ምኩራብ አበራሁለት፤ አንቺ እንዳታፍሪ ብዬ ነው ያልላክሁሽ። ልጁ ገና አፉን ሲከፍት ነው መዋሸቱን ያወቅሁት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።»

«ታዲያ ለምን አወረድሽለት?»

«ፈለግሁ» አለችኝ። «አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ሬሳ አወረድኩ። አንድም ሰው ድምፁን ሰምቶልኝ አያውቅም፤ ሁሉም የራሱን ያለቅሳል። ያ ልጅ ግን ያን መኪና አስቀምጦ እኔን ብሎ ተቀመጠ። እንዲሰማኝ ፈለግሁ። ሞትን የጠራሁት አውቄ ነው፣ ሲሚ። ያሚን ሲሞት ይህ ለብቻዬ ከበደኝ። ረቢውን የጠራሁት ሰው እንዲሰማ ብዬ ነው። ልጁ ራቅ ብሎ ነው ያለው፣ ይችለዋል ብዬ እሱ ላይ ጣልኩት። ጻፊለት። ይምጣ። ይህን ሁሉ ንገሪውና ይቅር ካለኝ ይምጣ።»

ጻፍኩ፣ ፒንሃስ። እውነቴን ነው፣ በዚያው ቀን ጻፍኩ። አልላክሁትም።

በየዓርቡ ፖስተኛው ሲያልፍ «ዛሬም የለም?» ትለኛለች። «የለም እማዬ።» ክረምት ሆነ፣ በጋ ሆነ። «ዛሬም የለም?» «የለም።» የአንተ ደብዳቤዎች ከተቀመጠችበት ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ። በኋላ በኋላ መጠየቋን ተወች። አንድ ቀን ብቻ «ልክ ነው። ይህን ሰምቶ ማን ይመጣል?» አለች።

ለምን ብለህ ትጠይቀኛለህ። እሷ አንተን ይቅር ልትል፣ አንተም እሷን ይቅር ልትል፣ ሁለታችሁም ልታርፉ ነው። ያሚን የማን ወንድም ነበር? ጀልባውን ነግሮኝ አልከለከልኩትም። ቀኑን አውቄ አልተናገርኩም። እናንተ ስትታረቁ ለእኔ የሚቀረኝ ይህ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ እንዲቆይልኝ ፈለግሁ። የሩቁ አንተ ነበርክ።

ቀብሯ ላይ ለጸሎቱ የግድ የሚያስፈልገውን አሥር ወንድ ለማሟላት ከሴውታ ሰው መጣልን። ሴቶቹ አራት ነን። ሌዲሲያም ከሁለት ዓመት በፊት አገር ለቃ ሄዳለች። ከአራታችን ሙሾ የሚያውቅ የለም። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከመጀመሪያው መስመር ሌላ አልመጣልኝም። በመጨረሻ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ላላ ረሕማ ገብታ፣ በራሷ ቋንቋ፣ በራሳቸው ልማድ አለቀሰችላት። ያለቀሰላት ሰው ብትል እሷ ናት።

ይኸው ነው።

ሲሚ


ማድሪድ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1967

ሲሚ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ቢሮዬ ደረሰኝ።

ሕጉን ታውቂዋለሽ። የሞት ወሬ በሠላሳ ቀን ውስጥ የደረሰው ሰው ሰባት ቀን ሙሉ ይቀመጣል። ከሠላሳ ቀን በኋላ የሰማ አንድ ሰዓት ብቻ። ቀኑን ቆጠርኩት። አምሳ ስድስት ነው። በሳምንቱ ብትጽፊልኝ ኖሮ ሰባት ቀን ይኖረኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እሷ ለእኔ በሕግ አክስት ናት፤ ለአክስት ሕጉ አንድ ሰዓት እንኳ አያስቀምጥም። እኔ ግን ተቀመጥኩ።

በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ የኮቴን አንገት ቀድጄ መሬት ተቀመጥኩ። ሙሾውን ላወርድላት ሞከርኩ። አሥሩንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ዘመን እንደመጣ ጭምር፤ ሃያ ገጽ ጽፌበታለሁ። ዜማው አልመጣልኝም። ማስታወሻ እንደሚያነብ ሰው ቃሉን ብቻ አልኩት፤ የአሥረኛውን ሦስተኛ መስመር እሷ እንዳረመችው።

የሕንፃው ጽዳት ሴትዮ ባልዲዋን ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ሥር ስታየኝ ደንግጣ ጎንበስ አለች።

«ፕሮፌሰር፣ ምን ጠፋብዎት?»

«እናቴ» አልኳት።

ሴትዮዋ አማተበችና በሩን ዘግታልኝ ወጣች። ደጁ ላይ ቆማ የሚመጣውን ተማሪ ሁሉ ስትመልስ ይሰማኝ ነበር።

በአንቺ ላይ ምን እንደሚሰማኝ ገና አላውቅም። ካራካስ ስትደርሺ አድራሻሽን ላኪልኝ፤ ላልጽፍልሽ እችላለሁ፣ ግን ላኪልኝ። ከመሄድሽ በፊት የአክስቴን መቃብር ለሚጠብቀው ሰው ስሜን ንገሪው።

አንድ ሰዓቱ ሲሞላ ጫማዬን አደረግሁና ተነሣሁ። ሕጉ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ፒንሃስ